ወባ የያዘው ማሽላ

የበደለኝ የአጎቴ ልጅ ነው። የበደለኝም ከትልቁ ድርቅ በኋላ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር ወር፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። ስሙን አልጽፍም። ልጆቹ ማንበብ ይችላሉ፤ እነሱ አልበደሉኝም።

«የአጎቴ ልጅ» ስል ዝምድናውን እያራቅሁት ነው። እናቱ በወለደችው በሳምንቱ ሞታ፣ እኔን ታጠባ የነበረችው እናቴ እሱንም አጥብታ አሳደገችው። እሱ «እታለም» ሲለኝ፣ እኔ «ወንድምዓለም» ስለው ነው የኖርነው። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ሊያስታርቁን የመጡ ሽማግሌዎች ሁሉ ከዚህ ስለሚጀምሩ፣ አስቀድሜ እኔው ልበለው ብዬ ነው።

ያኔ ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሥራዬ ኮምቦልቻ አጠገብ በነበረ አንድ የእርሻ ሙከራ ጣቢያ የመስክ ረዳትነት ነው። መለካት፣ መቁጠር፣ መመዝገብ። ጧት በደሴ ብርድ ሹራብ ደርቤ አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤ ጠመዝማዛውን ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን አውልቄ ወገቤ ላይ አስረዋለሁ። ስመለስ ደግሞ መልሼ እለብሳለሁ። ሌሎቹ ረዳቶች ኮምቦልቻ ቤት ይዘው ነበር። እኔ ታች ስሆን ላይ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ላይ ስሆን ደግሞ ታች። በተለይ ያን ዓመት ወንበር አልስማማ አለኝ። አሁንም ይህን ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ።

እንደዚያ ያንቀዠቀዠኝ የቦሎቄው ነገር ነው።

በእኛ አካባቢ ማሽላ የሚዘራው ወንድ ነው። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በሬዎቹ ተጠምደው በቡቃያው መሐል ይገባሉ፤ የበዛው ይሳሳል፣ አረሙ ይገለበጣል። ሽልሻሎ ይባላል። ከበሬዎቹ ኋላ ሴቶች እየተከተሉ በአዲሱ ትልም ላይ ቦሎቄ ይጥላሉ። ማሽላው የቤቱ ነው፤ ቦሎቄው የሴቲቱ። ማንም ባል «ቦሎቄሽን የት አደረስሽው» ብሎ አይጠይቅም። መስከረም ላይ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ ማሽላው ገና ሳይደርስ፣ ልጆች የሚከርሙት በዚያ ቦሎቄ እሸት ነው። በድርቁ ጊዜ የመንደሩ ሴቶች ዘራቸውን ሳይቀር ቀቅለው በሉ። እናቴ ብቻ አንድ ቅል ሙሉ ዘር አመድ ነስንሳበት፣ አፉን በጭቃ መርጋ ሳትነካው ቆየች። ያን ቅል ባለመንካቷ ምን እንደከፈለች አውቃለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። ዝናብ ሲመለስ ለየቤቱ በእፍኝ በእፍኝ አካፈለች።

የአጎቴ ልጅ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነበር። ያን ዓመት ከላይ መመሪያ መጣ፦ በሚቀጥለው ዓመት ክረምት የሁሉም መሬት ይቀላቀላል፣ በትራክተር ይታረሳል፣ ማሽላ ለብቻው በመስመር ከዩሪያ ጋር ይዘራል። ማሽላና ቦሎቄን ማሰባጠር ኋላቀርነት ነው ተባለ። የአውራጃው የእርሻ ኃላፊ ግን በአንድ ስብሰባ ላይ «ጥቅም ካለው በሙከራ አሳዩንና እንፈቅዳለን» ብለው ነበር። እኔ ያቺን ቃል ይዤ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ።

«ሙከራው ለምን እዚሁ ጣቢያ ግቢ አይሆንም?» አሉኝ።

«እዚህ ከሆነ ገበሬው ‹የመንግሥት አፈር ነው› ይላል።»

«መንደሩስ ለምን የአንቺ መንደር ሆነ?»

«ሌላ መንደር ማን ያምነኛል ጋሼ?»

ሳቁና ፈረሙልኝ።

አራት መደብ አወጣን፣ ከመንገዱ ዳር፣ በማኅበሩ መሬት ላይ። በአንዱ ማሽላ ብቻውን፣ ያለ ዩሪያ። በሁለተኛው ማሽላ ብቻውን፣ ከዩሪያ ጋር። በሦስተኛው ቦሎቄ ብቻውን። አራተኛው የእናቴ ዓይነት ነው፤ ማሽላና ቦሎቄ አንድ ላይ፣ ያለ ዩሪያ። የቦሎቄው ዘር ከእናቴ ቅል የወጣ ነው። የመደቦቹን ሐሳብ ያወጡት አለቃዬ ናቸው፤ ካስማውን የቸከልኩት ግን እኔ ነኝ።

ነገሩን ለእናቴ ያስረዳኋትን ያህል እዚህም ልናገር። ሰብልን አረንጓዴ የሚያደርገው ናይትሮጅን ነው። ዩሪያ በከረጢት የመጣ ናይትሮጅን ማለት ነው። አየሩ ራሱ በዚሁ ነገር የተሞላ ቢሆንም ማሽላ ከአየር መውሰድ አይችልም፤ ከአፈር ብቻ ነው የሚወስደው። ቦሎቄ ይችላል። በሥሩ ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ እባጮች አሉ፤ በእነሱ ውስጥ ያሉ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት አየሩን ይዘው ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል። ሁለቱ አብረው ሲበቅሉ ማሽላው ጉልበተኛ ስለሆነ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል። ቦሎቄው ከአፈር ሲያጣ ወደ አየሩ ይዞራል፣ እባጮቹም ሥራ ይጀምራሉ። አንድ ማሳ ለሁለቱም የሚበቃው ለዚህ ነው። እባጩን በጥፍር ሰንጥቀው ውስጡ እንደ ሥጋ ከቀላ እየሠራ ነው። ነጭ ከሆነ ሥራ ፈትቷል።

እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ «ሱብሐነላህ» አለች። ቀጥላም «እና ወረቀት ላይ ካልሰፈረ አያምኑንም?» አለችኝ።

«አያምኑንም እማ።»

«እንግዲያ አስፍሪው። እኔ ያን ቅል አልደግመውም። ለሁለተኛ ድርቅ የሚሆን ጉልበት የለኝም።»

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ያለ ዩሪያ ለብቻው የተዘራው ማሽላ ገረጣ። መግረጣት ነበረበት፤ የሌሎቹ ልፋት የሚታወቀው ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ነው። ነገር ግን መደቡ መንገዱ አፍ ላይ ስለነበረ ወደ ኮምቦልቻ ገበያ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። አንዲት ጎረቤታችን ጭነቷን እንዳዘለች ቆማ አየችውና «ውይ! የሊቀመንበሩን ማሽላ ወባ ይዞታል!» አለች። አብራት የነበረችው «ክኒን ይስጠው እንጂ፣ ምን ይጠብቃል!» ብላ መለሰች። ቃሉ በሳምንቱ ገበያ ደረሰ። የአጎቴ ልጅ ሲያልፍ የወለዱ የከበዱ ሰዎች ሳይቀሩ ብርድ እንደያዘው ሰው እየተንቀጠቀጡ ያሳዩት ጀመር።

እኔ ጋ መጣ።

«እታለም፣ ያን ቢጫ ነገር አንድ በይልኝ።»

«ምን ልበለው?»

«ነሐሴ አጋማሽ ላይ የአውራጃው ጓዶች ለጉብኝት ይመጣሉ። መጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እኔ ቢጫ ማሽላ አብቅዬ አላውቅም።»

«ያንተ ማሽላ አይደለም፤ የሙከራ ነው። እሱ ቢጫ ካልሆነ የእማ ቦሎቄ ምን እንደሠራ በምን ይታወቃል?»

«ይህን ቆመሽ ታስረጃቸዋለሽ?»

«አስረዳለሁ።»

«እንግዲያ አብሽሪ» አለና ሄደ። አብሽሪ አለኝ፣ እኔም አበሸርኩ።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ በረታ፤ እኔም ለሁለት ሳምንት ጣቢያው ውስጥ ሌላ ሥራ ታዝዤ መንደር ሳልሄድ ቀረሁ። የጉብኝቱ ዕለት ከእንግዶቹ ጋር በአንድ መኪና ደረስኩ። አራቱም መደቦች አረንጓዴ ነበሩ።

«ያለ ዩሪያ ያላችሁት የትኛው ነው?» አሉ የአውራጃው ኃላፊ።

ጣቴን ቀሰርኩ።

«ታዲያ በዩሪያ ምን አደከመን!» ብለው ሳቁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው የአጎቴ ልጅ ነው። እኔ ለራሴ «ዝናቡ ይሆናል» አልኩ። የእርሻ ሠራተኛ ሆኜ እንዲህ ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እንግዶቹ ሲሄዱ እኔ እናቴ ቤት አደርኩ። ሲነጋ ማሳው ውስጥ ገባሁ። ማሽላው እምብርት ላይ፣ አዲሱ ቅጠል በሚወጣበት፣ ነጠብጣብ ቃጠሎ አየሁ። አንዱን ቅጠል ከአገዳው ሳላቅቀው ያልሟሟ ነጭ ፍሬ ተወሽቆ አገኘሁ። ምላሴ ላይ አደረግሁት፤ ቀዝቃዛና መራራ ነው። ዩሪያ ነው። ከዚያ ከእናቴ ዓይነቱ መደብ አንድ ቦሎቄ ከነሥሩ መዘዝኩ። እባጮቹ ጥቂትና ደቃቃ ናቸው፤ በጥፍሬ ስሰነጥቃቸው ውስጣቸው ነጭ ነው። ሌላም መዘዝኩ፣ ነጭ። ሌላም። ናይትሮጅኑ እግራቸው ሥር ተበትኖላቸው ለምን ይልፉ?

እናቴ በሽልሻሎው ዕለት የተረፋትን ዘር ከመደቡ ውጭ፣ ከድንጋዩ ክትር ጥግ ጥላው ነበር። እዚያ ሄጄ አንድ መዘዝኩ። ሥሩ በእባጭ ተሸፍኗል። ስሰነጥቀው ጥፍሬ ቀላ።

የአጎቴ ልጅ አዳራሹ ደጅ ተቀምጦ ቀንበር ይጠርብ ነበር።

«ዩሪያ በትነሃል» አልኩት።

«ማን አለ?»

«ሥሩ።»

«ሥር አፍ አወጣ?» ብሎ ሳቀ። እኔ እንዳልሳቅሁ ሲያይ መጥረቢያውን አስቀመጠ። «ቢጫ ነበረ፣ አረንጓዴ አደረግሁልሽ። ሰው በዚህ ይመሰገናል እንጂ ይከሰሳል? ለእማ ቦሎቄ ደግሞ ወላሂ ለብቻው ጨምሬለታለሁ። ደስ ይበላት ብዬ።»

እውነቱን ነው። ጨምሮለታል፤ ደስ እንዲላትም ነው። ሆነ ብሎ ሊያበላሸው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«ለአለቃዬ እነግራለሁ» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጎረቤት ማኅበሩን መጋዘን ጠባቂ ታውቂው የለ?»

አውቀዋለሁ። ጥቂት ከረጢት ማዳበሪያ ጎደለ ተብሎ፣ የኢኮኖሚ አሻጥር በሚል በግንቦት ወደ ደሴ ወስደውታል። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ስትመላለስ አውቶቡስ ውስጥ አገኛት ነበር። የአጎቴ ልጅ የበተነውም ለአባላት ሊከፋፈል የመጣውን ዩሪያ ነው። በእኔ ማስታወሻ ደብተር ላይ አንድ መስመር ቢሰፍር እሱም ያንኑ መንገድ ይሄዳል። ባይሰፍር ደግሞ ማሽላ ለብቻው ያለ ዩሪያ ያማረ ይመስላል፣ ቦሎቄውም ቦታ ከመሻማት በቀር የማይረባ ይሆናል፤ የእናቴም ቅል በከንቱ ይቀራል።

«እንግዲያ አንተው ንገራቸው» አልኩት። «ሳላውቅ ነው በል። ራስህ ከተናገርክ ገሥጸው ይተውሃል። እኔም ከጎንህ እቆማለሁ።»

«እናገራለሁ» አለ። «አጨዳው አልቆ ውጤቱ በሚገመገምበት ዕለት፣ ኢንሻአላህ።»

ከመስከረም እስከ ጥር እንዴት እንደከረምኩ አላውቅም። ምግብ ቆሜ እበላ ነበር። ደሴ ስሆን ዝም ብዬ ከሆጤ ተነስቼ እስከ ኩታበር መውጫ በእግሬ ሄጄ እመለስ ነበር፣ የምሄድበት ሳይኖር። መንደር ስወርድ ከእሱ ጋር ዓይን ለዓይን እንተያያለን፤ እሱ «አልረሳሁም» እንደማለት ራሱን ይነቀንቃል። በእናቴ ዓይነቱ መደብ ማሽላው ከዩሪያው ብዛት ተመንድጎ ቦሎቄው ላይ ጥላ ጣለበት። ታኅሣሥ ላይ አጨድን፣ መዘንን። ዩሪያ አለው የተባለውና የለውም የተባለው ማሽላ እኩል ሆነ። ከማሽላው ሥር የተለቀመው ቦሎቄ የአንድ ሰው ሻሽ የሚይዘው ነበር። እንደመዘንኩት ጻፍኩ። ከሥሩ አንድ መስመር ባዶ ተውኩ።

የግምገማው ዕለት አዳራሹ ሞላ። ፊት ለፊት የአውራጃው ኃላፊ፣ አለቃዬና የአጎቴ ልጅ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ከኋላ ናቸው፤ እናቴም እዚያው። አለቃዬ ቁጥሩን አነበቡና ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህ ነገር የተምታታ ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«የዘንድሮው ውጤት አይታመንም» አልኩ።

«ለምን?» አሉ የአውራጃው ኃላፊ።

የአጎቴን ልጅ አየሁት። ከወንበሩ ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። አሁን ተናገረ፣ አልኩ በልቤ።

«ጓዶች» አለ፣ «እህታችን የከተማ ሰው ሆናለች። ከደሴ መጥታ ትውላለች፣ አውቶቡስ እንዳያመልጣት እየሮጠች ትሄዳለች። እዚያ መደብ ላይ ዩሪያ የገባ ይመስለኛል። እሷ ከረጢቱን ተሳስታ ይሆናል። ሰው ነው፣ ይሳሳታል፤ እንድትታረም ግን ሂስ ይገባታል።»

«እውነት ነው?» አሉኝ ኃላፊው። «ተሳስተሽ ነው?»

የመጋዘን ጠባቂው ሚስት አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቷ ላይ የምትይዘው ሳህን ታየኝ።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ቤት ስደርስ ምንም አልጠየቀችኝም። ጀርባዋን ሰጥታኝ እንደቆመች «ሁለታችሁንም እኔው ነኝ ያጠባሁት» አለች። ለማን እንዳለችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጠይቃትም አልፈለግሁም።

እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎልኝ ከመስክ ተነሳሁ፤ ደሴ ቢሮ ውስጥ የወረቀት ክፍል ተመደብኩ። በመንደራችን ማሰባጠር ተከለከለ። በሚቀጥለው ክረምት ትራክተር መጣ፣ ሽልሻሎ ቀረ። መስከረም ገባ፣ እሸት የለም። ሴቶቹ ለእናቴ «አሰላሙ ዓለይኩም» ማለቱን አልተዉም፤ ቆመው ማውራቱን ግን ተዉ። ቦሎቄያቸውን ያስከለከለው የልጇ ስንፍና ነው ብለው ያምኑ ነበርና። እናቴ በጓሮዋ ጥግ፣ ከመንገድ በማይታይ ቦታ፣ በየዓመቱ አንድ ሁለት እፍኝ እየዘራች ቅሉን አደሰች። የአጎቴ ልጅ በዚያ በኩል ያልፋል፤ ያያል፤ አይናገርም። አንዳንዶች ይህን እንደ ውለታ ይቆጥሩለታል። እኔ አልቆጥርለትም። ዝም ማለት የሚችል ሰው ከነበረ ጥር ላይ ዝም ይል ነበር።

ስለዚያ ቀን ከእኔ ጋር አንድም ጊዜ አላወራም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እታለም፣ ደሴ እንዴት ነው ብርዱ?» ይለኛል። «እንደ ድሮው ነው» እላለሁ። እናቴ ስትሞት ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው እሱ ነው። አለቀሰም። እንባው የውሸት ነበር አልልም።

ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ወር፣ ሐምሌ ላይ፣ ማንም በዩሪያ ምክንያት እንደማይታሰር ካረጋገጥኩ በኋላ፣ ደብተሩን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ባዶ በተውኩት መስመር ላይ ዩሪያውን የበተነው ማን እንደሆነ ከነስሙ ጻፍኩና ፈረምኩ። ደብተሩን ለጣቢያው አስረከብኩ። ያንኑ ገጽ በሌላ ወረቀት ገልብጬ በአዳራሹ በር ላይ በምስማር መታሁት። የአጎቴ ልጅ መጥቶ አነበበው። «እታለም» አለኝ። አልመለስኩለትም። የእናቴን ቅል ከፍቼ ዘሩን ለሴቶቹ በእፍኝ በእፍኝ አካፈልኩ፤ ለሚስቱም ሰጠኋት። ከዚያ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ደሴ ወጣሁ።